ኪስ ሲሳሳ የስኪ መንደሮች የውጭ እንግዳ ከየት ያመጣሉ?

ባለ_ስምንት_ክፍል
ሰላም ለሁላችሁም። እኔና ባለቤቴ ኦስትሪያ፣ ቲሮል ውስጥ፣ አንዲት የስኪ (በበረዶ ላይ መንሸራተቻ) መንደር ላይ ስምንት ክፍል ያላት የእንግዳ ማረፊያ አለችን። እንግዶቻችን ከሞላ ጎደል ጀርመኖችና ሆላንዶች ናቸው። ቅዳሜ መኪናቸውን ጭነው ይመጣሉ፣ በሳምንቱ ቅዳሜ ይሄዳሉ። ዓመት በመጣ ቁጥር ያው ፊት ነው።

አሁን ግን ነገሩ ተቀይሯል። የጀርመን ኢኮኖሚ በ2023ም በ2024ም ቁልቁል ሄደ (ዓመቶቹንም ወሮቹንም ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። የሚገርመው እንግዶቹ አልቀሩም። መምጣቱን ይመጣሉ። ግን ሰባት ሌሊት ያድሩ የነበሩት አራት ያድራሉ። በበጋው ክፍል ይይዙ የነበሩት አሁን የአየር ትንበያ አይተው ሐሙስ ማታ ይደውላሉ። ቁርስ ላይ ደግሞ ሁለት ዳቦ በናፕኪን ጠቅልሎ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ የሚከት ሰው በዝቷል። አይቼ እንዳላየሁ አልፋለሁ።

አንድ አማካሪ ነኝ ባይ መጥቶ «ከሩቅ አገር እንግዳ አምጡ፣ በቀውስ ጊዜ ስኪ ቤቶችን የሚያድነው የውጭ ሰው ነው» አለን። ሦስት ገጽ ወረቀት ሰጥቶ ገንዘቡን ተቀብሎ ሄደ። ለእኔ ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ሆነብኝ። እስቲ የምታውቁ ንገሩኝ። እውነት የሠራበት ቦታ አለ?

ሆካይዶ_ናፋቂ
አለ እንጂ! በሰሜን ጃፓን፣ ሆካይዶ ደሴት ላይ ያለችውን የስኪ መንደር ኒሴኮን እይ።

ጃፓን በ80ዎቹ መጨረሻ ስኪ ያበደችበት ጊዜ ነበር። ወጣት ሆኖ የማይንሸራተት አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከቶኪዮ በፈጣን ባቡር አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ የሚርቀው ዩዛዋ ላይ ለስኪ ተብለው የተሠሩ ረጃጅም አፓርታማዎች ተደረደሩ። ከዚያ ኢኮኖሚው በ90ዎቹ መጀመሪያ ፈረሰ። ወጣቱ ቀነሰ፣ ኪሱም ሳሳ። የስኪ ተጠቃሚው ቁጥር በ90ዎቹ መጀመሪያ ጣራ ነክቶ ሲያበቃ ከዚያ ወዲህ መውረድ ብቻ ሆነ። ስንቱ ቦታ ሰውን ወደ ተራራው የሚያወጣውን ሊፍት አቁሞ ዘጋ።

ኒሴኮም እዚያው ጉድጓድ ሊገባ ሲል አውስትራሊያውያን ደረሱ። ለምን እነሱ? አንደኛ በረዶው። ከሳይቤሪያ የሚነሳው ቀዝቃዛ ነፋስ የጃፓንን ባሕር ሲሻገር እርጥበት ይሸከማል። ሆካይዶ ተራሮች ላይ ሲደርስ ያራግፈዋል። የሚወርደው በረዶ ደረቅና ቀላል ነው፣ በእጅህ ብትጨብጠው አይያያዝልህም። እፍ ስትለው ይበናል። ሁለተኛ፣ ታኅሣሥና ጃንዋሪ የእነሱ ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ጊዜ ነው። ሦስተኛ፣ ከሲድኒ ጋር ያለው የሰዓት ልዩነት ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። አውሮፓ ሄደህ ሁለት ቀን እንቅልፍህ ተዛብቶ ከመዋል፣ እዚህ በማግስቱ ጠዋት ተራራው ላይ ነህ።

የጃፓን ገንዘብ፣ የን፣ ሲወርድማ በቃ ጎረፉ። በ2011 መጨረሻ አንድ ዶላር 76 የን ገደማ ይመነዘር ነበር። በ2024 አጋማሽ 160 አለፈ። ያው ሊፍት፣ ያው አልጋ፣ ዶላር ለያዘ ሰው በግማሽ ዋጋ ማለት ነው።

ሠርክ_ጥያቄ
ስለዚህ መልሱ «ገንዘብህ ይርከስ» ነው? ኦስትሪያ ያለ ሰው ምን ያድርግ? ዩሮውን ብቻውን አያረክሰው።

ቁጥር_አይዋሽም
ሠርክ፣ ጥያቄህ ልክ ነው። ግን መጀመሪያ ነገርን ከሥሩ። ሆካይዶ ናፋቂ ቅደም ተከተሉን ገልብጦታል።

አውስትራሊያውያኑ ኒሴኮ የገቡት በ2000ዎቹ መጀመሪያ ነው። ያኔ የኑ እንደ ዛሬው ርካሽ አልነበረም። ጭራሽ በ2008 የሆነውን አስታውስ። በሐምሌ ወር አንድ የአውስትራሊያ ዶላር ከ100 የን በላይ ያወጣ ነበር። በጥቅምት ወደ 60 የን ወረደ። በሦስት ወር! ክፍሉን በሐምሌ ይዞ በታኅሣሥ የሚከፍል ሰው ሒሳቡን ሲያይ ምን እንደተሰማው አስበው። ያም ሆኖ ኒሴኮ አልሞተም። አውስትራሊያውያኑ ሲቀዘቅዙ ከሆንግ ኮንግና ከሲንጋፖር የሚመጡት ነበሩ። የኑ ሲረክስ ደግሞ ሁሉም ተደምሮ ፈነዳ።

ምንዛሪ ነፋስ ነው። እሳት ካለህ ያቀጣጥልልሃል፣ ከሌለህ ግን አመድህን ይበትነዋል። ዩዛዋም የምትገበያየው በየን ነው እኮ። ለቶኪዮ ደግሞ ከኒሴኮ በጣም ትቀርባለች። ከእነዚያ አፓርታማዎች ብዙዎቹ ግን ወርሃዊውን የጥገና ክፍያ ለመገላገል ብቻ በሳንቲም ሲሸጡ ነው የኖሩት።

ሆካይዶ_ናፋቂ
እሺ፣ ለዚህኛው እጄን ሰጥቻለሁ። ሐምሌ 2008ን አላስታወስኩም ነበር።

ቁጥር_አይዋሽም
ተቃራኒውንም ልጨምር፣ ለባለ ስምንት ክፍል የሚቀርበው እሱ ስለሆነ። ስዊዘርላንድ።

ጃንዋሪ 15 ቀን 2015፣ ሐሙስ ጠዋት። የስዊዝ ብሔራዊ ባንክ ዩሮ ከ1.20 ፍራንክ እንዳይወርድ ሲጠብቅ የቆየውን ወለል በድንገት አነሳ። በደቂቃዎች ውስጥ ዩሮው ከ1 ፍራንክ በታች ወርዶ ነበር። ቀኑን ልብ በሉ። የስኪ ወቅት እምብርት ነው። አንድ ጀርመናዊ ረቡዕ ማታ የሚያውቀው ሆቴል ሐሙስ ለምሳ ሰዓት ከ15 እስከ 20 በመቶ ገደማ ተወደደበት። የሆቴሉ ባለቤት ግን አንድ ሳንቲም አልጨመረም።

ከዚያ ምን አደረጉ? አብዛኛው አለቀሰ። ሳስ ፌ የምትባል መንደር ግን በቀጣዩ ዓመት አንድ እብደት የሚመስል ነገር አመጣች። የሙሉ ወቅቱን የሊፍት ካርድ በ222 ፍራንክ ልሽጥ አለች። ቅድመ ሁኔታው 99,999 ሰው ከተመዘገበ ነው። ያን ያህል አልሞላም። ግን ከ70 ሺህ በላይ ገዢ ስላገኘች ካርዱን ሸጠችው።

ሠርክ_ጥያቄ
ይቺን ነበር ልጠይቅ የፈለግኩት። ባዶ ከሚሆን ሁሉም ዋጋ ለምን አይቀንስም?

ቁጥር_አይዋሽም
የስኪ ቦታ ወጪ ሰው ቢመጣም ባይመጣም ያው ስለሆነ። ሊፍቱ ሁለት ሰው ቢጭን ሁለት መቶ፣ ሞተሩ ይዞራል። ሰው ሰራሽ በረዶ የሚረጨው ማሽን ሌሊት ሲሠራ ያድራል። በረዶውን የሚያስተካክለው ትልቁ ሰንሰለታማ መኪና ናፍጣውን ይጠጣል። ተጨማሪ አንድ ሰው ሲመጣ የሚጨምረው ወጪ ኢምንት ነው። ስለዚህ በአንድ በኩል ዋጋ ቀንሰህ መሙላት ያዋጣል። በሌላ በኩል ግን በሙሉ ዋጋ ሊመጣ የነበረውም ሰው በቅናሹ ይገባልሃል። ቋሚ ወጪህ ደግሞ አይጠብቅህም።

አሜሪካኖቹ ያገኙት ዘዴ ብልጥ ነው። ቬይል የተባለው የስኪ ቦታዎች ድርጅት በ2008 ጸደይ፣ ቀውሱ አፋፍ ላይ ሳለ፣ ኤፒክ ፓስ የሚባለውን የዓመት ካርድ በ579 ዶላር አወጣ። ካርዱ የሚሸጠው ወቅቱ ሳይጀምር ነው። በረዶ ባይጥል ኪሳራው የማን ነው? የካርድ ገዢው። ድርጅቱ ብሩን አስቀድሞ በልቷል። በሌላ ወገን መስኮት ላይ ቆሞ ለአንድ ቀን ትኬት የሚገዛው ሰው ይቀጣል። በ2024/25 ቬይል ላይ በተጨናነቁት ቀናት የአንድ ቀን ትኬት ከ300 ዶላር በላይ ነበር። መስኮቱ ጋ የሚቆመው ማን ይመስልሃል? ካርዱ በመስከረም እንደሚሸጥ ያልሰማ የውጭ ቱሪስት ነው።

የጫማ_መደርደሪያ
እኔ ስለ ባንክና ስለ ምንዛሪ አላውቅም። የማውቀው ጫማ ነው። ፈረንሳይ አልፕስ ላይ ስኪ የሚያከራይ ሱቅ ውስጥ ሦስት ክረምት ሠርቻለሁ። አንዱ የ2008/09ኙ ነበር።

ቁጥር አይዋሽም የሚለውን ነገር እኔ በመደርደሪያ አየሁት። ከኋላ ባለው ግድግዳ ጫማዎቹ በቁጥር ተደርድረው ይቀመጣሉ። በሌላ ጊዜ እሁድ ጠዋት መደርደሪያው ባዶ ይሆናል። እንግሊዞቹ ቅዳሜ ማታ በአውቶቡስ ገብተው ሁሉንም ይወስዱታል። ያን ዓመት እሁድ ጠዋት ግማሹ መደርደሪያ ሙሉ ነበር። ፓውንዱ ወደ ዩሮው ሊጠጋ አንድ ሐሙስ የቀረው ጊዜ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ፓውንድ አንድ ተኩል ዩሮ ገደማ ነበር። የመጡትም ቢሆን ጥሩውን ስኪ ትተው ርካሹን ይከራዩ ነበር። የራስ ቁር ለልጆቹ ብቻ። የስኪ አስተማሪ ለሁለት ቀን ብቻ። ባለ ስምንት ክፍል ስለ ናፕኪኑ ዳቦ ስትጽፍ ሳቅኩ። ሊፍቱ ላይ ጓንታቸውን አውልቀው ዳቦ ሲበሉ አይቻለሁ። ተራራው ላይ ያለው ምግብ ቤት ደግሞ ፀሐይ የሚሞቁ አስተናጋጆች ሞልተውታል።

አሠሪያችን የመጨረሻውን ወር ደሞዝ ግማሹን ብቻ ሰጥቶን «ዓመቱን አይታችሁታል» አለን። አይተነዋል። ያም ቢሆን ከሆዴ አልወጣም፣ ሆድ ይፍጀው ብያለሁ።

አንድ ነገር ግን ተማርኩ። ከሩቅ የሚመጣ ሰውና በመኪና የሚመጣ ሰው ሁለት ዓይነት ፍጡር ናቸው። በመኪና የሚመጣው ስኪውን፣ ጫማውን፣ ልብሱን፣ አንዳንዴም ቢራውን ይዞ ነው የሚመጣው። በአውሮፕላን የሚመጣው ባዶ እጁን ነው። ሁሉን ይከራያል። ጫማው የት እንደሚደርቅ አያውቅም። ሊፍቱ ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ አያውቅም። የመጀመሪያ ጥያቄው ዋጋ አይደለም፣ «ይቺ እርጥብ ጫማ ነገ ጠዋት እንዴት ትሆናለች?» ነው። እርጥብ ጫማ በዜሮ ዲግሪ ጠዋት ለብሳችሁ ካላወቃችሁ እግዚአብሔር ይጠብቃችሁ።

ደቡብ_ነፋስ
እኔ ደግሞ ከወዲያኛው ንፍቀ ክበብ ልጨምር። ባሪሎቼ፣ አርጀንቲና። ወቅታቸው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው።

አርጀንቲና ከ1991 ጀምሮ አንድ ፔሶ በአንድ ዶላር ብላ አስራ ይዛ ነበር። በ2002 መጀመሪያ ያ ሲፈርስ ፔሶው በወራት ውስጥ ከሦስት እጥፍ በላይ ወደቀ። ለአገሬው ሰው መከራ ነበር፣ ቁጠባው በአንድ ሌሊት ተበላ። ለጎረቤት ግን ቅናሽ ሆነ። ብራዚላውያን በረዶ አገራቸው ውስጥ የላቸውም ማለት ይቻላል። ባሪሎቼ የምትባለው ከተማ ውስጥ በሐምሌ ፖርቱጋልኛ ካልሰማህ የጠፋህ ያህል ነው። «ብራዚሎቼ» ብለው እስከመጥራት ደርሰዋል።

ግን ተመልከቱ። በሰኔ 2011 ቺሊ ያለው የፑዬሁዌ እሳተ ገሞራ ፈነዳና አመዱ ባሪሎቼ ላይ ወረደ። አውሮፕላን ማረፊያው ተዘጋ። ወቅቱ ገና ሊጀምር ሲል ነው። በአውሮፕላን በሚመጣ እንግዳ ላይ የቆመ ከተማ አውሮፕላኑ ሲቀር ምን ይሆናል? በ2024ና በ2025 ደግሞ ገበታው ተገለበጠ። ፔሶው በረታ፣ አገሩ በዶላር ሲሰላ ተወደደ። አርጀንቲናውያኑ ራሳቸው ወደ ብራዚል ባሕር ዳርቻና ወደ ቺሊ ገበያ ተሰለፉ።

በርካሽ ገንዘብ የመጣ እንግዳ፣ ገንዘቡ ሲወደድ ደህና ሁን ሳይልህ ይሄዳል።

ሠርክ_ጥያቄ
ይቅርታ፣ ሌላም አለኝ። ኒሴኮ ላይ ያ ሁሉ ገንዘብ ሲገባ የመንደሩ ሰው አለፈለት?

ሆካይዶ_ናፋቂ
ይሄ ላይ ሳልከላከል ልመልስ። መሬት የነበረው አለፈለት። ተከራይ የነበረው ተገፋ። ኩቻን የምትባለው ዋና ከተማቸው በጃፓን የመኖሪያ መሬት ዋጋ ጭማሪ ለተከታታይ ዓመታት አንደኛ ነበረች። በሕዝብ እጥረት መንደሮች ባዶ በሚሆኑበት አገር! ከኒሴኮ የስኪ ቦታዎች አንዱን ሃናዞኖን በ2007 የገዛው የሆንግ ኮንግ ኩባንያ ነው። ሌላውን፣ ኒሴኮ ቪሌጅን፣ በ2010 የማሌዥያው ኩባንያ ዋይ ቲ ኤል ገዛ። ሆቴሎቹ ለክረምት ሠራተኛ የሚከፍሉት ደሞዝ አረጋውያን ከሚጦሩበት ቤት ስለሚበልጥ ሠራተኛው ወደ ሆቴል ይሄዳል። ከተማዋ በኅዳር 2019 በማደሪያ ዋጋ ላይ ሁለት በመቶ ግብር ጣለች። ብልህ ናት። በመቶኛ ስለሆነ ውዱ ቪላ ብዙ ይከፍላል፣ ትንሿ ማረፊያ ጥቂት።

ደቡብ_ነፋስ
ስዊዞቹም ያንን ፈርተው አይደል በመጋቢት 2012 በሕዝብ ድምፅ በየመንደሩ ሁለተኛ ቤት ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ያሉት። ዓመቱን ሙሉ መዝጊያው ተዘግቶ፣ ለሁለት ሳምንት መብራት የሚበራበት ቤት የሚያስገኘው ዳቦ የለም።

ባለ_ስምንት_ክፍል
ይሄን ሁሉ ትጽፋላችሁ ብዬ አልጠበቅኩም። ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብለን አነበብነው። የጫማ መደርደሪያ፣ እህቴ፣ እኛ ቤት የጫማ ማድረቂያ የለም። ጫማ በኮሪደሩ ማሞቂያ ላይ ነው የሚደረደረው። ሽታውን አልነግርሽም።

የእኛ ችግር የት እንዳለ ልንገራችሁ። ገናና አዲስ ዓመት ሙሉ ነን። የካቲት ውስጥ የትምህርት ቤት ዕረፍት ስላለ ሙሉ ነን። ጉድጓዱ ከጃንዋሪ 7 በኋላ ነው። እዚህ ስሙም «የጃንዋሪ ጉድጓድ» ነው፣ ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው። ድሮ ሩሲያውያን በገናቸው ሰሞን ይሞሉት ነበር። በ2014 መጨረሻ ሩብሉ ሲወድቅ ቀነሱ። ከ2022 በኋላ የሩሲያ አውሮፕላን በአውሮፓ ሰማይ መብረር ስለተከለከለ ጭራሽ ጠፉ። በረዶው ግን በጣም ጥሩ የሚሆነው ያኔ ነው፣ ወረፋም የለም።

ቁጥር_አይዋሽም
ወንድሜ፣ ሲንጋፖር ድረስ አትሂድ። ካርታውን ክፈት። ከቀውሱ ውጭ የሆነ፣ ገንዘቡ የጠነከረ ጎረቤት አለህ። ስዊዙ። በ2007 አንድ ዩሮ ለመግዛት 1.60 ፍራንክ ገደማ ያወጣ ነበር። አሁን ከ1 ፍራንክ በታች ያወጣል። ከላይ ያልኩት የጃንዋሪ 15 መዓት ለአንተ በረከት ነው። ሳስ ፌን ያስለቀሰው ነገር ቲሮልን ለስዊዙ ርካሽ አደረጋት። ከዙሪክ ኢንስብሩክ በባቡር ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። አርብ ከሥራ ወጥቶ ማታውኑ አንተ ጋ ይደርሳል። አማካሪህ ለዚህ ስንት ገጽ ጻፈ?

ባለ_ስምንት_ክፍል
ዜሮ ገጽ። ስለ ዱባይ ግን አንድ ገጽ ተኩል።

የጫማ_መደርደሪያ
ፖላንዶችንም አትርሱ። የክረምት ዕረፍታቸው በየክልሉ ይለያያል። ከጃንዋሪ አጋማሽ ጀምሮ እስከ የካቲት መጨረሻ ይከፋፈላል። ማለትም የተወሰነው ልክ ጉድጓድህ ላይ ይወድቅልሃል። የቼኮቹ ደግሞ ከየካቲት እስከ መጋቢት አጋማሽ በየአውራጃው ነው። ሁለቱም በመኪና ነው የሚመጡት፣ ስለዚህ ኪራይ ቤቱ ብዙ አያገኝባቸውም፣ አልጋህ ግን ይሞላል። እኔ ሱቅ የነበሩት ፖላንዶች ጠዋት ሊፍት ሳይከፈት በር ላይ ነበሩ፣ ማታ ሲዘጋ በግድ ነው የሚወርዱት። ከፍለው የገዙትን ቀን አያባክኑም።

ደቡብ_ነፋስ
ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ እንጠልጠል ይባል የለ። ስምንት ክፍል ነው ያለህ። ሦስቱን ለስዊዝ ቅዳሜና እሁድ፣ ሦስቱን ለፖላንድ ሳምንት ብትይዝ ጀርመኖችህ አይቀየሙህም። ብቻ «ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ» የሚለውን ሕግ በጃንዋሪ ተወው። ስዊዙ አርብ መጥቶ እሁድ ይሄዳል።

ሆካይዶ_ናፋቂ
አንድ የሩቅ ነገር ብቻ ልበል፣ ካልሆነ ስሜን ልቀይር ነው። አሜሪካ ውስጥ ውዶቹ ቦታዎች ላይ የአንድ ቀን ትኬት 300 ዶላር ሲያልፍ፣ ቲሮል ውስጥ ትልልቆቹ ቦታዎች 80 ዩሮ ገደማ ናቸው። አይኮን የሚባለው የአሜሪካኖች የዓመት ካርድ የቲሮሏን የስኪ ከተማ ኪትስቡሄልን ይጨምራል። ካርዱን የያዘ ሰው እዚያ ለተወሰኑ ቀናት ለሊፍት ሌላ ገንዘብ አያወጣም፣ የሚፈልገው አልጋ ነው። መንደርህ ለኪትስቡሄል ቅርብ ከሆነች በገጽህ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ መጻፍ ምንም አያስወጣም።

ባለ_ስምንት_ክፍል
በአውቶቡስ ሃያ አምስት ደቂቃ ነው። ይሄን አላሰብኩትም ነበር!

ሰኞ ከባንኩ ጋር ቀጠሮ ነበረን። የአማካሪው ሐሳብ ሳውናና ሁለት የቅንጦት ክፍል መጨመር ነበር፣ በብድር። ባለቤቴ አሁኑኑ ደውላ ቀጠሮውን ሰርዛዋለች። የባቡር ሰዓቶቹን በገጻችን ላይ ልናወጣ ነው። የጃንዋሪን ክፍል ደግሞ በሌሊት መሸጥ እንጀምራለን። ሂሳቡን በመጋቢት መጥቼ እነግራችኋለሁ፣ ጥሩም ይሁን መጥፎ።

የጫማ_መደርደሪያ
ማድረቂያውስ?

ባለ_ስምንት_ክፍል
አስራ ስድስት ጥንድ የሚይዝ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል አዘዝን። ለኮሪደሩ ስንል።